የማንን ገመና እያነበብን ነው?



እስቲ ለአፍታ ወደ አንድ ቤት በሐሳብ ይግቡ። አባት ሲለፋ ውሎ ገብቷል። እናት ማዕድ ታሰናዳለች። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የደረሰችው ልጃቸው ስለ ሰው ልጅ ውስጣዊ ባሕርይ የሚያትት አንድ መጽሐፍ ሰሞኑን አንብባ ጨርሳለች። አባት በትንሽ ነገር ይቆጣል። ልጅት ቀና ትልና «አባዬ፣ ያናደድኩህ እኔ አይደለሁም፤ የልጅነት ቁስልህ ነው» ትለዋለች። ቤቱ ጸጥ ይላል።

ልጅቱ የተናገረችው ምናልባት እውነት ሊሆን ይችላል። ነገር ግን በዚያች ደቂቃ ምን ሆነ? አባት ወደ ራሱ ከመመልከት ይልቅ በቤተሰቡ ፊት ገመናው እንደተገለጠ ቆጥሮ ተሸማቀቀ። ልጅትም አባቷን ከመረዳት ይልቅ ያሸነፈችው መሰላት። እውቀት ገባ፤ መተዛዘን ግን ወጣ!

ይህ ቤት የምናብ ቤት ነው። ሆኖም የሥነ ልቦና ቃላት በመጽሐፍ፣ በሬዲዮ፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ በእጅ ስልክ በሚታዩ አጫጭር ፊልሞች አማካይነት ወደየጓዳችን እየገቡ ናቸውና ነገሩን ቆም ብሎ መመርመር ተገቢ ነው። ጥያቄያችን «ይህን እውቀት እንማር ወይስ እንተው?» የሚል አይደለም። በሐኪምና በታማሚ መካከል፣ በዝግ ክፍል ውስጥ የተወለደ እውቀት ለሁሉም ሰው እንዲገባ ተደርጎ ሲቀርብ ምን ያተርፋል? ምንስ ይጎድልበታል? የሚል ነው። ለዚህም አንድ የታወቀ መጽሐፍ መርጠናል። እርሱም ስዊዘርላንዳዊው ሐኪም ካርል ጉስታቭ ዩንግ ከአራት ባልደረቦቹ ጋር ያዘጋጀው «ሰውና ምልክቶቹ» የተሰኘው መጽሐፍ ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመቶች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከዝግ ክፍል ወደ አደባባይ

ጥልቅ ሥነ ልቦና የሚባለው የእውቀት ዘርፍ መነሻ ሐሳቡ በአጭሩ ይህ ነው፦ ሰው ስለ ራሱ የሚያውቀው ጥቂቱን ብቻ ነው። ከማስተዋሉ በታች የተቀበረ ፍላጎት፣ ፍርሃት፣ ቂምና ትዝታ አለው። ይህ የተቀበረ ነገር በሕልሙ፣ በአፍ ወለምታው፣ ምክንያቱን በማያውቀው ቁጣውና ሐዘኑ በኩል ብቅ ይላል። የአገራችን ሰው «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» የሚለው አውቆ እንዳላወቀ ስለሚሆን ሰው ነው። የእነዚህ ሐኪሞች አባባል ከዚህ አንድ እርምጃ ያልፋል፤ ሰውዬው እንዳላወቀ የሚሆነው ለሌላው ብቻ ሳይሆን ለራሱም ነው ይላሉ።

ይህን ሐሳብ በሰፊው ያስተዋወቀው የቪየናው ሐኪም ሲግመንድ ፍሮይድ (1856–1939) ነበር። ስለ ሕልም ፍቺ የጻፈው ዋና መጽሐፉ በ1899 መጨረሻ ሲወጣ የታተመው 600 ቅጂ ነው፤ ያም ተሸጦ እስኪያልቅ 8 ዓመት ያህል ፈጀ። ስለዚህ እውቀቱን ማቅለል ያስፈለገው ገና ከጥንቱ ነው። ፍሮይድ በ1901 ያንኑ ሐሳብ አሳጥሮ አሳተመ፤ ከ1915 እስከ 1917 ባሉት ዓመታትም በቪየና ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ሰዎች ላልሆኑ አድማጮች ጭምር ተከታታይ ትምህርት ሰጠ።

ዩንግ (1875–1961) ለጥቂት ዓመታት የፍሮይድ የቅርብ ወዳጅ ከሆነ በኋላ በ1913 ተለያይቶ የራሱን መንገድ የቀየሰ ሰው ነው። ጽሑፎቹ ግን ለአብዛኛው ሰው የማይደፈሩ ነበሩ። በ1959 የእንግሊዙ ቢቢሲ ጆን ፍሪማን የተባለ ጋዜጠኛ ከእርሱ ጋር ያደረገውን ቃለ ምልልስ በቴሌቪዥን አሳየ። ይህን ከተመለከቱት አንዱ ቮልፍጋንግ ፎገስ የተባለ አሳታሚ ነበር። ሰውዬው ተገረመና፣ ዩንግ ዋና ዋና ሐሳቦቹን ተራው አንባቢ በሚረዳው ቋንቋ እንዲጽፍ በፍሪማን በኩል ለመነው። ዩንግ ጥያቄውን በጥሞና ካዳመጠ በኋላ እምቢ አለ።

ሐሳቡን ያስለወጡት ሁለት ነገሮች ናቸው። አንደኛው፣ ከቃለ ምልልሱ በኋላ የጎረፈለት ደብዳቤ ነበር። ጸሐፊዎቹ ሊቃውንት አልነበሩም፤ በየመንደሩ ያሉ ተራ ሰዎች ነበሩ። ሁለተኛው ሕልም ነው። ዩንግ በሕልሙ እንደ ልማዱ ከታላላቅ ሐኪሞች ጋር በጥናት ክፍሉ ተቀምጦ ሳይሆን አደባባይ ላይ ቆሞ ለብዙ ሕዝብ ሲናገር፣ ሕዝቡም በተመስጦ ሲያዳምጠውና ሲረዳው አየ። አሳታሚው ጥያቄውን በድጋሚ ሲያቀርብ እሺ አለ። ነገር ግን መጽሐፉን ከቅርብ ተከታዮቹ ጋር በጋራ ሊጽፈውና ፍሪማን ሥራውን ሊያስተባብር ሲል ቅድመ ሁኔታ አስቀመጠ። ልብ ይበሉ፣ ፍሪማን የሥነ ልቦና ሊቅ አልነበረም። የተፈለገውም ስላልነበረ ነው! እርሱ የተረዳውን ሌላውም አንባቢ ይረዳዋል ተብሎ ነው።

ዩንግ የራሱን ምዕራፍ በእንግሊዝኛ ጽፎ የጨረሰው የመጨረሻው ሕመሙ ሊጀምረው 10 ቀን ያህል ሲቀረው ነበር። ጁን 6 ቀን 1961 በ85 ዓመቱ ሞተ። መጽሐፉ ከ500 በላይ ሥዕሎችና ፎቶግራፎች ታክለውበት በ1964 ታተመ። አንድ ሊቅ የሕይወቱን የመጨረሻ ጉልበት ለሊቃውንት ሳይሆን ደብዳቤ ለጻፉለት ተራ ሰዎች መስጠቱ ሊመሰገንለት የሚገባ ነው። የሚተቸውን ሰው በጎ ሥራ አስቀድሞ መመስከር ከፍትሕ ነው፤ ፍትሕም ከእኛ የሚጠበቅ ነው።

ያተረፈውና የጎደለው

መጽሐፉ ያተረፈው ትልቅ ነገር ስለ ሕልም የሚሰጠው ጥንቃቄ ነው። ዩንግ ለተራው ሰው ሊጽፍ ሲቀመጥ ቀላሉ መንገድ ክፍት ነበር፦ «እባብ ካዩ ይህ ነው፣ ውሃ ካዩ ያ ነው» የሚል ዝርዝር ቢያወጣ መጽሐፉ እንደ ትኩስ ዳቦ በተሸጠ! እርሱ ግን የዚህን ተቃራኒ አስተማረ። የሕልም ምልክት ካለመው ሰው ተነጥሎ ትርጉም የለውም፤ ምልክቱን ከመዝገብ ፈልጎ ማግኘት ይቻላል ብሎ ማመንም ሞኝነት ነው ይላል።

ለዚህም አንድ ምሳሌ ያመጣል። አንድ ወጣት፣ ፈረሰኞችን እየመራ ውሃ የሞላበትን ቦይ ሲዘል፣ ጓደኞቹ ግን ቦዩ ውስጥ ሲወድቁ አለመ። ይህንኑ ሕልም አንድ ሽማግሌም አዩት። ወጣቱ ፈሪና ዝምተኛ ነበር፤ ሽማግሌው ደፋር ሆነው የኖሩ፣ ያን ጊዜ ግን ታመው የተኙና የሐኪም ትእዛዝ አልሰማ ብለው ራሳቸውን የጎዱ ሰው ነበሩ። ሕልሙ አንድ ነው። ለወጣቱ ግን «ደፈር በል» የሚል ሲሆን፣ ለሽማግሌው «እስከ አሁንም በማይሆን ቦታ እየዘለሉ ነው» የሚል ሆነ።

ውድ አንባቢ፣ ይህ ነገር የሚያስታውስዎ ነገር የለም? በ110 ዓመተ ሂጅራ ስላረፉት የበስራው ሊቅ ስለ ኢብን ሲሪን (ረሒመሁላህ) ሲተረክ ምን ሰምተናል? ሁለት ሰዎች አዛን ሲያሰሙ ማለማቸውን ነገሯቸው። ለአንደኛው ሐጅ እንደሚያደርግ፣ ለሁለተኛው እጁ በስርቆት እንደሚቆረጥ ነገሩት። እንዴት ነው ተብለው ሲጠየቁ፣ በመጀመሪያው ሰው ላይ የመልካምነት ምልክት እንዳዩና በሁለተኛው ላይ እንዳላዩ ገለጹ። ያነበቡት ሕልሙን ብቻ ሳይሆን ሰውየውን ነበር! ታዲያ ዛሬ በእርሳቸው ስም የሚሸጠው፣ ሊቃውንት ግን ከእርሳቸው በኋላ በመጡ እጆች የተሰባሰበ መሆኑን የሚናገሩት ወፍራም የሕልም መዝገብ በየሱቁ ሲቸበቸብ ምን እንላለን? ማቅለል የተባለው ነገር ዋናውን ጥንቃቄ ሲገድለው በእኛም ቤት አይተነዋል። ጣታችንን ወደ ምዕራባውያን ብቻ የምንቀስርበት ምክንያት የለም።

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሕልም ሦስት ዓይነት እንደሆነ አስተምረውናል፦ ከአላህ የሆነ ብሥራት፣ ከሸይጧን የሆነ ማስፈራሪያ፣ እንዲሁም ሰው ከራሱ ጋር ሲነጋገር የሚያየው። እንግዲህ የእነ ዩንግ ሙያ የሚመለከተው ይህን ሦስተኛውን ነው ብንል ከእውነት አንርቅም። በዚያ ወሰን ውስጥ ሲቆም ይጠቅማል፤ ሦስቱንም እኔ እፈታለሁ ሲል ግን ድንበር ያልፋል።

የመጽሐፉ ጉድለት ደግሞ በሥዕሎቹ ይታያል። ከግብፅ፣ ከሕንድ፣ ከአፍሪካ፣ ከአውሮፓ ቤተ ክርስቲያንና ከዘመናዊ ሰዓሊ የተወሰዱ ሥዕሎች በአንድ ገጽ ጎን ለጎን ይደረደራሉ፤ «እነሆ፣ ሁሉም አንድ ነገር ይናገራል» ለማለት ነው። ያ ምስል በአገሩ ምን ያደርግ እንደነበር፣ ማን በምን ቀን ፊቱ እንደሚቆም አይነገረንም። ምልክትን ካለመው ሰው አትነጥሉ ያለው መጽሐፍ ራሱ ምልክቶቹን ከባለቤቶቻቸው ነጥሏቸዋል። ከዚህ ይልቅ ዮላንዴ ያኮቢ የጻፈችው ምዕራፍ ለአንባቢ ይበጃል። አንድ የ25 ዓመት መሐንዲስ ብቻ ይዛ፣ ሕልሞቹን ተራ በተራ ከኑሮው ጋር እያገናዘበች ታስኬዳለች። ከመቶ ሕዝቦች መቶ ሥዕል ከማየት አንድ ሰው በትክክል መመልከት ጥልቁን ነገር ያቀርበዋል።

አደባባይ ጥንቃቄን እንዴት እንደሚበላ ለማየት ያው የቴሌቪዥን ቃለ ምልልስ ይበቃል። ፍሪማን ዩንግን በፈጣሪ ያምን እንደሆነ ጠየቀው። ዩንግ መመለሱ ከባድ እንደሆነ ገልጾ፣ ማመን እንደማያስፈልገው፣ እንደሚያውቅ ተናገረ። ይህች አጭር ቃል ከአፍ ወደ አፍ ተዛመተች። አንዱ ለሃይማኖት ድጋፍ፣ ሌላው ትዕቢት አድርጎ ወሰዳት። ዩንግ በ1960 መጀመሪያ ለቢቢሲ ሳምንታዊ መጽሔት በላከው ደብዳቤ፣ የትኛውንም ሃይማኖት የሚያውቀውን አምላክ አውቃለሁ ማለቱ እንዳልነበረ፣ በራሱ ማንነቱ የማይታወቅና ኃይሉ ግን የሚሰማው ነገር ገጥሞኛል ማለቱ እንደነበረ ለማስረዳት ተገደደ። ደብዳቤውን ያነበበው ስንቱ ነው? ቃሏን የሰማውስ? መልሱን ለእርስዎ እንተዋለን።

ቃላት ሲሻገሩ

ማቅለል በቋንቋ ይጀምራል። ፍሮይድ በ1923 ስለ ሰው ውስጣዊ ክፍሎች ሲጽፍ የተጠቀመው በማንኛውም ጀርመናዊ ሕፃን አፍ ያሉትን ቃላት ነበር፦ አንዱን ክፍል «እኔ»፣ ሌላውን «እሱ» አለው፤ ሰው ላልሆነ ነገር የሚባለውን «እሱ»። የእንግሊዝኛ ተርጓሚዎቹ ግን «ኢጎ» እና «ኢድ» የሚሉ የላቲን ቃላት መረጡ። ብሩኖ ቤተልሃይም የተባለው የቪየና ተወላጅ ከብዙ ዓመታት በኋላ ይህን በብርቱ ተችቷል። ፍሮይድ «ነፍስ» ያለውን ተርጓሚዎቹ «አእምሮ» እንዳደረጉት፣ አንባቢ ስለ ራሱ ማንበቡ ቀርቶ ስለ አንድ የሕክምና ዕቃ እንዲያነብ እንደሆነ አሳይቷል።

ይህ ትችት ለእኛ ትልቅ ትምህርት አለው። አማርኛችን ምን እንደሚል ያስተውሉ። «ራበኝ፣ ጠማኝ፣ ከፋኝ፣ ናፈቀኝ፣ ደበረኝ» እንላለን። የእነዚህ ግሶች ባለቤት ማን ነው? «እኔ» አይደለሁም! ባለቤቱ ስሙ ያልተጠራ «እሱ» ነው፤ እኔ የሚደረግብኝ ነኝ። ፍሮይድ አንድ ሙሉ መጽሐፍ የጻፈበትን ነገር እናቶቻችን በየቀኑ ይናገሩታል። «ዛሬ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ከፋኝ» የምትል እናት፣ በውስጧ ከእርሷ ፈቃድ ውጪ የሚሠራ ነገር መኖሩን ለማወቅ የላቲን ቃል አያስፈልጋትም። የሚያስፈልጋት «ምን ይሆን የከፋሽ?» ብሎ ቁጭ ብሎ የሚያዳምጣት ሰው ነው።

አንዳንድ ቃል ደግሞ ቀጥታ ሲተረጎም ያሳስታል። ዩንግ ሰው ከራሱ ሊቀበለው የማይፈልገውን፣ የደበቀውን ጎኑን «ጥላ» ይለዋል። በአማርኛ ግን ጥላ መልካም ነገር ነው፤ «ጥላ ከለላ» መጠጊያ ነው፣ «ጥላው የከበደ» ሰውም ግርማ ያለው ነው። ለዩንግ ሐሳብ የሚቀርበው ቃላችን «ገመና» ይመስለኛል። ገመና ተሸፍኖ የሚኖር፣ ሲገለጥ የሚያሳፍር የራስ ነገር ነውና። ዩንግ፣ ሰው ገመናውን በራሱ ውስጥ ማየት ሲያቅተው በሌላው ላይ ያየዋል ይላል። ስስታም ሆኖ ስስቱን የማያውቅ ሰው የጎረቤቱ ስስት ብቻ እንቅልፍ ይነሳዋል። እውነት አይደለምን?

ይህን ቃል ስንጠቀም ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይነሣል። እኛ የወንድሙን ገመና የሸፈነ ሰው አላህ ገመናውን እንደሚሸፍንለት የተማርን ሰዎች ነን። ታዲያ ገመናን ግለጡ የሚል እውቀት ከዚህ ጋር እንዴት ይስማማል? መልሱ «ለማን?» በሚለው ላይ ነው። ለራስ መግለጥና ለገበያ መግለጥ አንድ አይደለም። የሐኪሙ ክፍል በሩ የተዘጋው በምክንያት ነበር። እውቀቱ ወደ አደባባይ ሲወጣ በሩም አብሮ እንዳይወጣ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። መግቢያችን ላይ ያለችው ልጅ የሳተችው እዚህ ላይ ነው። ለራሷ ገመና የተጻፈላትን መጽሐፍ በአባቷ ገመና ላይ አነበበችው!

የሣሩ ዘለላና ሱረቱል ከህፍ

ዩንግ ከእኛ ኪታብ ጋር የተገናኘበት ጊዜ አለ። በ1939 በስዊዘርላንድ አስኮና በተደረገ ስብሰባ ላይ በሰጠው ትምህርት፣ ብዙዎቻችን በየጁሙዓው የምናነበውን ሱረቱል ከህፍን ተንትኗል። በዚሁ ጽሑፍ ውስጥ አንድ የሚደንቅ ትዝታ አለ። ዩንግ በ1925 ወደ ኬንያ በተጓዘ ጊዜ የጉዞ ቡድናቸው መሪ አንድ በሱፊ ትምህርት ያደገ ሶማሌ ነበር። ይህ ሰው ለዩንግ ስለ ኸድር (ዐ.ሰ) ነገረው። ዩንግ ስለ ቁርኣን ሲያወራ ስለሰማው «አንተ የኪታብ ሰው ነህ» ብሎ አከበረው፤ ኸድርን መንገድ ላይ በሰው አምሳል፣ ወይም በሌሊት እንደ ነጭ ብርሃን ሊያየው እንደሚችል አጫወተው። ከዚያም ፈገግ ብሎ አንድ የሣር ዘለላ ቀጠፈና «ይህንንም ሊመስል ይችላል» አለው። እርሱ ራሱ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሥራ አጥቶ ሲቸገር፣ አንድ ሌሊት በሕልሙ በሩ አጠገብ ብርሃን አይቶ ተነሥቶ ሰላምታ እንዳቀረበ፣ ከጥቂት ቀናት በኋላም ናይሮቢ ውስጥ ሥራ እንዳገኘ ተረከለት።

ስለ ሰውየው እምነት ዝርዝር ዑለማዎች የሚሉት ይኖራቸዋል፤ የዚህ ጽሑፍ ጉዳይ አይደለም። ጉዳያችን የአነጋገሩ መንገድ ነው። ኸድር የሚለው ስም ከአረንጓዴነት ጋር የተያያዘ ነውና ሰውየው ያንን ለማስረዳት ጎንበስ ብሎ ሣር ቀጠፈ። የተናገረውም ስለ ሌላው ሕልም ሳይሆን ስለ ራሱ ችግር፣ ስለ ራሱ ረኀብና ስለ ራሱ ሕልም ነው። 500 ሥዕል አልፈለገም! ዩንግ ግን ታሪኩን በአክብሮት ጽፎለት ሲያበቃ፣ ቁርኣንን ከሰውየው እኔ የተሻለ አውቅ ነበር፣ ያውም ብዙ አያስብልም የምትል ነጥብ በመሐል ጣል አድርጓል። ሊቅ ተራውን ሰው ሲያስተምር ከተራው ሰው መማሩን ቶሎ ይረሳል።

ትንታኔውስ? ዩንግ ዋሻውን የሰው ውስጣዊ ጥልቀት፣ የተረሳውን ዓሣ ከዚያ የተገኘ ምግብ፣ ኸድርን ደግሞ ከ«እኔ» በላይ ያለው የሰው ሙሉ ማንነት ምልክት አድርጎ ያየዋል። እርሱ ሐኪም እንደሆነና የሚናገረውም በሰው ውስጥ ስለሚታየው ምስል ብቻ እንደሆነ በየጽሑፉ ይገልጻልና «ካደ» ብለን አንወነጅለውም። ነገር ግን ሱራው ራሱ የሚለውን እናስታውስ። መርከቡ የተቀደደው ባሕር ላይ ለፍተው የሚያድሩ ድሆች ንብረት ስለነበረና በግፍ የሚቀማ ንጉሥ ስለነበረ ነው። የብላቴናው ነገር ለአማኝ ወላጆቹ ነው። ግድግዳው የተቃናው ከሥሩ የሁለት የቲሞች ሀብት ስለነበረ ነው። ያ የአላህ ባሪያ ይህን ሁሉ በራሱ ፈቃድ እንዳላደረገውም ይናገራል። እንግዲህ በሱራው ውስጥ ያለው ጥልቅ እውቀት ፊቱን ያዞረው ወደ ድሆች፣ ወደ ወላጆችና ወደ የቲሞች ነው። በዩንግ ንባብ ግን ሁሉም ወደ አንድ ሰው ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ድሆቹ የት ሄዱ? የቲሞቹስ? የጥልቅ ሥነ ልቦና መጻሕፍት ዋና ድክመት ይህ ይመስለኛል። ወደ ውስጥ የሚያስገባ ደረጃ በሚገባ ይሠራሉ፤ ወደ ጎረቤት የሚመልሰውን ደረጃ ይረሱታል።

አራቱ መንገዶች

አንዳንድ ጸሐፊዎቻችን ይህን የመሰለ ነገር ሲገጥማቸው «ይህን ሁሉ እኛ ቀድመን አውቀነው ነበር» ብለው ይዘጉታል። የፍሮይድን ሦስት ክፍሎች ወስደው ቁርኣን ከሚያነሣቸው ከአማራዋ፣ ከለዋማዋና ከሙጥመኢናዋ ነፍስ ጋር አንድ በአንድ ያጣብቃሉ። ይህ ቁርኣንንም ፍሮይድንም አያከብርም። ነፍሲያችን ወደ ጌታዋ ስትመለስ የምትረጋጋበት ጉዞ አንድ ነገር ነው፤ አንድ የቪየና ሐኪም የታማሚዎቹን ጭንቀት ለመረዳት ያወጣው ንድፍ ሌላ ነው። መማማር ይቻላል፤ ማምታታት ግን አይገባም።

ይልቅ ስለ ማቅለል የምንማርበት ሰው አለን። ኢማም አል-ገዛሊ (1058–1111፣ ረሒመሁላህ) «ኢሕያ»ን በዐረብኛ ከጻፉ በኋላ ዐረብኛ ለማያነበው ሕዝብ በፋርስኛ አሳጥረው «ኪምያ አስ-ሰዓዳ»ን አዘጋጅተዋል። በዚያም የሰውን ውስጥ በአንድ ከተማ መስለውታል፦ ልብ ንጉሥ ነው፣ አእምሮ አማካሪው ነው፣ ስሜት ቀረጥ ሰብሳቢ ነው፣ ቁጣ ደግሞ ጸጥታ አስከባሪ ነው። ቀረጥ ሰብሳቢው ከሌለ ከተማው ይራባል፤ ልጓም ካጣ ይዘርፋል። ማንኛውም ባለ ሱቅ ይህን ይረዳዋል። ምሳሌው ስሜትንና ቁጣን አያጠፋቸውም፤ በቦታቸው ያቆማቸዋል።

እኚሁ ሊቅ ሰው የራሱን ነውር የሚያውቅባቸው አራት መንገዶች እንዳሉ ጽፈዋል። አንደኛው አስተዋይ ሸይኽ ዘንድ መቀመጥ ነው። ሁለተኛው እውነቱን የሚነግር ወዳጅ መያዝ ነው። ሦስተኛው የጠላትን አፍ መስማት ነው፤ ወዳጅ የሚሸፍነውን ጠላት ይናገረዋልና። አራተኛው ከሰው ጋር መኖርና፣ በሌላው ላይ የጠላነውን ነገር ባየን ቁጥር «ይህ በእኔስ ውስጥ የለም ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነው። አራተኛውን መንገድ እስቲ ደግመው ያስቡት። ዩንግ ገመናችንን በሌላው ላይ እናየዋለን ሲል ያሳየን ያንኑ መንገድ ከሌላ በር ነው። ልዩነቱ የኢማሙ ምክር በጥያቄ ማለቁ ነው፤ ጥያቄውም ወደ ጠያቂው ይመለሳል።

ውድ አንባቢ፣ እንግዲህ መመዘኛችን ይህ ይሁን። ስለ ሰው ውስጥ የተጻፈ መጽሐፍ እጅዎ ሲገባ፣ ጸሐፊው ሙስሊም ይሁን አይሁን፣ አንድ ነገር ይመልከቱ። አንብበው ሲጨርሱ ዓይንዎ ወደ ማን ዞረ? ወደ ባለቤትዎ፣ ወደ አማትዎ፣ ወደ ወንድምዎ ከሆነ መጽሐፉን ለጊዜው ይዝጉት። ወደ ራስዎ ከሆነ፣ ከዚያም «እንግዲህ ለጎረቤቴ ምን ላድርግ?» ወደሚል ከመራዎ በደንብ ያንብቡት። ሌሊት እንቅልፍ ያጣ፣ የሌለ ድምፅ የሚሰማ፣ መኖር ያስጠላው ሰው ቤትዎ ካለ ግን ለእርሱ የሚያስፈልገው መጽሐፍ አይደለም፤ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ዘንድ ይውሰዱት። ይህ ከተወኩል ጋር አይጣላም።

ወደ መጀመሪያው ቤት እንመለስ። ልጅቱ መጽሐፉን ባታነብ ይሻላል አንልም፤ ታንብብ። ነገር ግን አባቷ ሲቆጣ ቃሏን ዋጥ አድርጋ፣ ሻይ ቀድታ ብታቀርብለትና «አባዬ፣ ዛሬ ምን አጋጠመህ?» ብትለውስ? አባትም ትንሽ ዝም ብሎ፣ እርሱም በዕድሜዋ ሳለ ማንም ይህን ጠይቆት እንደማያውቅ ትዝ ቢለውስ? ያን ጊዜ ጥልቁ ነገር ያለ ባዕድ ቃል ወደ ቤቱ ገባ ማለት ነው።

አላህ የራሳችንን ነውር የምናይበትን ዓይን፣ የሌላውን ገመና የምንሸፍንበትን እጅ ይስጠን። አሚን። ወላሁ አዕለም።